ሠ-4 እና ሰ-4

«እትዬ፣ ይሰሙኛል? ፌራዮው ሥራ አቁሟል። ‹የቱ ሰ ነው?› እያለ ነው።»

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ የቢሮውን መስኮት ዘጋች። ከመንገዱ በሚገባው ጡሩምባ የቀያሹ ድምፅ ግማሹ ይጠፋባት ነበር።

«የቱ ሰ ማለት ምን ማለት ነው? ሰ-4 ነዋ። ትናንት የላክሁልህ።»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት። እንካ አንተው አናግራቸው፣ ጋሼ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አካፋ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ቀጥሎ የፌራዮው፣ የብረት አሳሪው፣ ሸካራ ድምፅ መጣ።

«እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ? ይኸውልሽ፣ ልጁ ችካሉን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ምሥራቅ ገፍቶታል። ለምን? እዚህ ጋ ምንም የለም፣ አፈር ነው። የውሃ ቱቦው የወጣው ንጉሡ ሠ ጋ ነው። እናንተ የገፋችሁት እሳቱን ሰ ነው። የተባለው ንጉሡ ነው ወይስ እሳቱ?»

ሦስት ሰዓት ከአሥር ነበር። የኮንክሪቱ መኪና በአራት ሰዓት ይደርሳል ተብሏል።

ሴትዮዋ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቢሮ ውስጥ እትዬ ነጥብ ይሏታል፣ ሥራዋ ነጥብ ማስቀመጥ ስለሆነ። ሕንጻው ገና መሬት ላይ ሳይኖር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቆሟል። እሷ እያንዳንዱ ምሰሶ የሚያርፍበትን፣ እያንዳንዱ ቡሎን የሚተከልበትን ቦታ በነጥብ ትይዛለች፣ ለነጥቡም ስም ትሰጠዋለች። ፕሮግራሙ ነጥቡ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሚርቅ እስከ ሚሊ ሜትር አስልቶ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ወደ ቀያሹ መሣሪያ ይገባል፣ ቀያሹም በዚያ እየተመራ ችካል ይመታል። ከዚያ በኋላ ሞዴሉን የሚያይ የለም። ሁሉም የሚያምነው ችካሉን ነው።

የሚሠራው ሕንጻ ማተሚያ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። «ዕድሜ ልኬን በፊደል እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ፕላኔ ኤ ቢ ሲ አይባልብኝም» ስላሉ የምሰሶዎቹ መስመሮች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ተባሉ፣ ቁጥሩም በመስመሩ ላይ ስንተኛ ምሰሶ እንደሆነ ያሳያል። አምስተኛው መስመር ንጉሡ ሠ ነው፣ ንጉሥ የሚጻፍበት። ሰባተኛው እሳቱ ሰ ነው፣ እሳት የሚጻፍበት። ወረቀት ላይ ሁለት ናቸው። አፍ ላይ አንድ ናቸው።

«ቆዩኝ፣ ጋሼ» አለችና መስመሩን ሳትዘጋ ትናንት ሐሙስ ከአለቃዋ የመጣውን መልእክት ከፈተች። «ሰ-4ን 30 ሳ.ሜ. ወደ ምሥራቅ ያንቀሳቅሱት። አስቸኳይ።» እሳቱ ሰ ነው። የተጻፈውን ነበር የሠራችው። ከዚያ ሞዴሉ ላይ ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ የሚያሳየውን ንብር አበራች። ሐሙስ ማብራት ሲገባት ያላበራችው ነው። የውሃ ቱቦው በሰማያዊ መስመር ወጣ፤ ከንጉሡ ሠ-4 ቡሎን ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ያልፋል። ከእሳቱ ሰ-4 ግን አሥራ ሁለት ሜትር ይርቃል።

ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው በሙከራ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በቀለም ብዕር ፕላን ትስል ነበር፣ የሳተችውን መስመር በምላጭ እየፋቀች። ኮምፒዩተር ሲመጣ የስዕል ጠረጴዛዎቹ ወጡ፣ እሷም አብራ ወጣች። አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሆና ሌሎች የሳሉትን ፕላን እየጠቀለለች መደርደሪያ ላይ አኖረች። ሞዴል መሥራት የተማረችው ከገዛ ልጇ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ሰባት ወር ማታ ማታ አስተማረቻት። «እማ፣ ማውስ ነው እኮ፣ ማማሰያ አይደለም። ቀስ!» ትላት ነበር። እናትየው ይህን ሰባት ወር ስታነሳ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የወለድኋት ልጅ መልሳ ወለደችኝ ትላለች።

ሙከራውን ሲፈቅድ አለቃዋ፣ ሁሉም ኢንጂነር የሚለው ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ሦስት ወር ነው። ችካል የሳተ ቀን ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳሉ።» ሁለት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ሆኗታል።

ዝም ብትል ችግሩ ከመሬት በታች ይቀበራል፣ እስኪፈነዳ ድረስ። ተናግራ ሥራ ብታስቆም ደግሞ ጥፋተኛ ተብሎ የሚጻፈው የእሷ ስም ነው። ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

«ንጉሡ ነው፣ ጋሼ። ስህተቱ የኔ ነው። ሁለቱም ጋ ኮንክሪት እንዳይፈስ።»

ቀያሹ ስልኩን ነጠቀው። «እትዬ፣ ማን አስቆመ ልበል? ኢንጂነር ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ስልክ አያነሱም።»

«እኔ አስቆምኩ በል።»

«የሚመጣው መኪና እኮ ቆሞ አይጠብቀንም። ኮንክሪቱ ይደርቃል።»

ፌራዮው ከኋላ ጮኸ። «ለምን ይቆማል? ከሀ ይጀምራ! ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እስኪሞሉ እኛ ንጉሡን እናዛውራለን።»

«ንጉሥ ማዛወር ቀላል ነው እንዴ?» አለ አንዱ ቆፋሪ።

«ሌላው ሲያዛውር አገር ይናወጣል። እኛ በአካፋ ነው፣ ማንም አይሰማም። ና ቆፍር!»

እሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። የእሳቱን ሰ አምስት ነጥቦች ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰች፣ መሀሉን አንድ፣ ቡሎኖቹን አራት። የንጉሡን ሠ አምስት ነጥቦች ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ምሥራቅ ወሰደች። ቡሎን ከቡሎን ያለውን ርቀት ለካች። እንደገና ለካች። ሦስተኛ ጊዜም ለካች። በሦስት ሰዓት ከሠላሳ አራት ዝርዝሩን ላከች። ከነጥቦቹ ስም ጎን «ንጉሡ» እና «እሳቱ» ብላ ጽፋበታለች።

ጉድጓዱ በምሥራቅ በኩል ሰፋ። የፌሮው፣ የታሰረው ብረት፣ ቅርጫት በስድስት ሰው ተነስቶ ተዛወረ። የተገፋው የሰ-4 ችካል ተነቅሎ በቦታው ተመታ። ሠ-4 አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተሞላ። የተደፋ ኮንክሪት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ጠረጴዛዋ ጋ መጣና ቆመ።

«ዛሬ ጠዋት ሥራ ያስቆሙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። የሳተ ችካል ነበር። የሳተውም እኔ በላክሁት ነጥብ ነው።» መልእክቱን አልጠቀሰችም። ቦርሳዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ግማሽ ዕቃዋንም ከትታበታለች።

ቀያሹ ሁሉንም ነግሮት ኖሯል። ኢንጂነር ስልኩን አውጥቶ የገዛ መልእክቱን ረጅም ጊዜ አነበበው። አንድ መስመር ነው።

«የጻፍኩት እሳቱን ነው?»

«እሳቱን ነው።»

«ንጉሡ ስልኬ ላይ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም» አለ። «ሁልጊዜ ይኸኛው ነው የሚመጣልኝ።»

«እኔም ቱቦውን ማየት ነበረብኝ። ወይ ደውዬ መጠየቅ።»

«አዎ፣ ነበረብዎት።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ቦርሳውን ከጠረጴዛው ያንሱት፣ የነገው ዝርዝር ይቀርዎታል» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ሳይቱ ሄደች። ፌራዮው ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጣቶቹ እንደሚያጥፈው ብረት የጎበጡ ሰው ነው። የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ማን እንደሆነች ስትነግረው ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጣት። ከጎኑ ተቀምጣ በላች።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሬን ነው ያተረፉልኝ።»

«የምን ወንበር? እኔ ቱቦውን ነው ያተረፍኩት። ባለፈው ሳምንት በአካፋ የመታሁት እኔው ነኝ፣ እስከ ወገቤ ረጥቤ ገባሁ። የረጠበበትን ቦታ የሚረሳ አለ?»

«ፊደሉንስ? መሐንዲሶች የማይለዩትን?»

«አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። መምህራችን ከፊደል ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ እሱኑ! ንጉሡን ከእሳቱ ያልለየ በኩርኩም ነው የሚሸኘው። እኔ ሒሳብ ቢያስተምረኝ ምን ነበረበት እያልኩ ስረግመው ኖርኩ።»

«እኔ እመርቃቸዋለሁ» አለች። «እርስዎንም፣ እሳቸውንም።»

«እንግዲህ በይ፣ እርግማኔን አነሳሁ» አለና ሳቀ።

ስትነሳ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራገፈች፣ ሠ-4 አጠገብ ሄዳም ትንሽ ቆመች። ግራጫ ኮንክሪት ነው፣ አራት ቡሎን ወጥቶበታል። ማንም ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር አይደለም። በእጇ ነካችው፣ ደርቋል።

የቋሚነት ደብዳቤዋ የተፈረመው ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ነው። የፌራዮው ቡድን በዚያን ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ሳይት ሄዷል።