የአባቴ እግር በጋቢና

አባቴ መኪና መንዳት ያቆመው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ግላኮማ ዓይኑን እየበላበት መጥቶ ከዳር የሚመጣ ነገር ፈጽሞ የማይታየው፣ መሃሉም ጭጋግ የሆነበት ሰው ሆነ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡም» አለው። ቤት እንደገባ የዲኤክስ መኪናውን ቁልፍ ትራሱ ሥር ከተተና ከቦሌ ሚካኤል ንቅንቅ አልልም አለ።

መንዳቱን ብቻ ቢተው ምን ነበረበት! ቅዳሜ ቅዳሜ ወሎ ሰፈር ከድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ምሳ ይበላ ነበር፤ እሱንም ተወ። ታክሲ ስንለው «አልጋፋም።» እኔ ልውሰድህ ስለው ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።» ልጅ የሚለው አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝን እኔን ነው እንግዲህ። ጓደኞቹ ሲደውሉ «አሞታል በያቸው» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ በፒጃማ መዋል ጀመረ፣ ጢሙን መላጨትም ተወ። እናቴ ኩሽና ጠርታኝ፣ «ዓይኑ አይደለም የሚገድለው፣ ይሄ መቀመጥ ነው» አለችኝ። ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቁልፉን ከትራሱ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ለእሱ ደግሞ ኮቱን አምጥታ፣ «ዛሬ ካልሄድክ እነሱን እዚህ ነው የምጠራቸው። በፒጃማህ ያግኙህ!» አለችው። በዚህ ተሸነፈ። ተላጭቶ፣ ለባብሶ ወጣና በልማዱ ቀጥ ብሎ ወደ መሪው በኩል ሄደ። በሩን ከከፈተ በኋላ ነው ትዝ ያለው። ቀስ ብሎ ዘጋው፤ መኪናዋን እየዳሰሰ ዞሮ ጋቢና ገባ። አንጀቴን በላው።

አዘኔታዬ ግን ከግቢው በር ብዙም አልራቀ። ፍሬን ስረግጥ የእሱም ቀኝ እግር እኩል ምንጣፉን ይረግጣል። ፍሪሲዮን ስይዝ ግራ እግሩ ይከተለኛል። ማርሽ ስቀይር ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣት እጁ ጭብጥ ትላለች። ኧረ በስመአብ! የመንጃ ፈቃድ ፈታኜ እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም። አላመነኝም ማለት ነው ብዬ ውስጤ እርር አለ።

ሩዋንዳ ጋ ስንደርስ አንድ ሚኒባስ በእኔ በኩል፣ ከግራ፣ ሽው ብሎ በፊታችን ቆርጦ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። ክው ብዬ ፍሬኑን ረገጥኩት። የአባቴ እግርም በዚያችው ቅጽበት ምንጣፉን ጓ! አደረገው።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አባዬ፣ በናትህ! አየሁት እኮ! እኔም ዓይን አለኝ!»

«ምኑን?» አለ።

«ሚኒባሱን ነዋ!»

«የምን ሚኒባስ?»

ዞር ብዬ አየሁት። አልቀለደም። ሚኒባሱን ጨርሶ አላየውም።

«ታዲያ ለምን ረገጥክ?»

ትንሽ አሰበና፣ «እኔ እንጃ። አንቺ ትንፋሽሽን ሳብ ስታደርጊ እግሬ ራሱ ይሄዳል» አለኝ።

ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ። እኔ ግን እጄ መሪው ላይ ቀረ። ለካ ይሄ ሰው ከቤት ጀምሮ መንገዱን ሳይሆን እኔን ነው ሲከታተል የመጣው።

«ፈርተህ ነው?» አልኩት።

«ምን ያስፈራኛል? ብቻሽን እንዳትረግጪ ብዬ ነው። በይ አሁን ንጂ፣ ሰው እያስጮኽሽ ነው።»

እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠርጌ ማርሽ አስገባሁ። እጁ ጉልበቱ ላይ ጭብጥ አለች። በዚህ ጊዜ ደስ አለኝ።

ወሎ ሰፈር ጓደኞቹ ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሡ። አቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ሲያበቁ አንደኛው፣ «ማን ነድቶ አመጣህ?» አሉት።

«ተጋግዘን ነው የነዳነው» አለ፣ ኮራ ብሎ። ሰዎቹ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በየቦታው ማየት ጀመርኩ። እናቴ የእህቴን ሕፃን ስታጎርስ ራሷም አፏን ትከፍታለች። ታክሲ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠው ሲያዛጋ ማዛጋቱ እስከ ኋላ ወንበር ይዳረሳል። ቢሮ ውስጥ አብራኝ ከምትሠራው ልጅ ጋር ለምሳ ስንወጣ እርምጃችን ሳናውቀው እኩል ይሆናል፤ እሷ ለጫማዋ ክር ስትቆም እኔም ቆሜ እገኛለሁ። ይሄ ሁሉ ድሮም ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩትም እንጂ።

አባቴን ደግሞ መፈታተን ለምዶብኛል። ቀይ መብራት ላይ፣ መኪናዋ ቆማ፣ ሆን ብዬ ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ። እግሩ ምንጣፉን ጓ!

«አንቺ ባለጌ!» ይለኛል። አንዳችን ስንጀምር ሌላችን እየቀጠልን፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሰው እስኪጮህብን እንስቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ ስልክ ይዞኝ ዘገየሁ። እየሮጥኩ ስወጣ አባቴ መኪናዋ ውስጥ ነው። ማንም ሳይመራው ጋቢና ገብቷል። ኮቱን ለብሶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ ሁለት እግሮቹን ፍሪሲዮንና ፍሬን ይኖሩበት በነበረው ቦታ አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ነይ እንጂ» አለኝ፤ «እኔ ተዘጋጅቻለሁ።»