ዘፈን ያልተሰጣት እናት

ዕድሜዋን ሙሉ በዘፈን የኖረች ሴት፣ የሙዚቃ ተውኔት ሲዘጋጅ «አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ» ብትባል ምን ታስብ? እትዬም ያሰበችው ያንኑ ነው። ድምፄ አለቀ ብለው ነው፣ አለች በልቧ።

እርግጥ ተውኔቱ በተቀዳበት መጽሐፍም ቢሆን እሷ የምትጫወታት እናት ወንድ ልጇ ጥሏት ሲሄድ ቃል አይወጣትም። ያረጀ፣ ሰው ሁሉ ያነበበው ልብ ወለድ ነው፤ አንዲት ነገር ብትነካ ተመልካቹ ይጮኻል። ግን ደራሲው የዝምተኛዋን ሆድ ገልጦ ይነግራል። መድረክ ላይ ያንን ማን ይንገር፣ ዘፈን ካልነገረ? ሽንኩርት እየከተፈች ብቻዋን ትሟገታለች።

ነገሩን ያከፋው አዘጋጁ አማቿ፣ የሴት ልጇ ባል መሆኑ ነው። እሷ ስትገባ ባልና ሚስት ወሬ ያቋርጣሉ። ልጅቷ ደግሞ «እማዬ፣ ሻይሽን በማር አድርጊው» ማለት አብዝታለች። ጉሮሮዬ ምን ሆነና? ፒያኖ ተጫዋቹስ ሲያያት ምን አቀረቀረው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እትዬ ለመመንጠር አልተፈጠረችም። ከልምምድ በኋላ አማቿን አዳራሹ በር ላይ ያዘችው።

«ድምፄን ፈርታችሁ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ መጽሐፉ ነው እኮ እናቲቱን ዝም ያሰኛት።»

«መጽሐፉ ማንንም አላዘፈነም፤ እናንተ ናችሁ ያዘፈናችሁ። ዘበኛው እንኳ ዘፈን ደርሶታል።»

አማቿ ጭንቅላቱን አከከ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሻንጣውን ሲያነሳ የምትዘፍነው ዘፈን ተሰጣት።

ዘፈነችው። ከላይ ያለውን ከባዱን ድምፅ እንደ ድሮው ወጣችው፤ ተዋንያኑ አጨበጨቡ። ልጇን ሆኖ የሚጫወተው ወጣት ግን ሻንጣውን እንደያዘ የሚያደርገው ጠፋው። በፊት ዝም ብላ ስታየው እግሩ ይተሳሰር፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ይጠፋ ነበር። አሁን ሆዷን ሁሉ ዘርግፋለት፣ ጥሏት መውጣቱ ቀላል ሆነ። ለእትዬም ይኸው ገባት።

«አውጡት» አለች። «ዘፈኑ ይውጣ።»

«እርግጠኛ ነዎት እማማ?»

«ልጁ ያለ ዘፈን ነው መሄድ የሚያቅተው።»

ፒያኖ ተጫዋቹ በረጅሙ ተነፈሰ። ምን አስተነፈሰው ብላ ልትጠረጥረው ስትል ሌላ ነገር ጠረጠረች። ያ ከባድ ድምፅ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሸሽቷት ነበር፤ ማንም አልሰማም፣ እሷ ግን ሰምታለች። ታዲያ ዘፈኑን ያስወጣችው ለተውኔቱ አዝና ነው፣ ወይስ ሕዝብ ፊት እንዳይሸሻት ፈርታ? ሰዉን ሁሉ አፋጥጣ ስትጠይቅ የከረመች ሴት ይህን ራሷን ለመጠየቅ ድፍረት አጣች። አማቿ «ከመጀመሪያው» ሲል ሄዳ ልጁ በሚወጣበት የመድረኩ በር ላይ ቆመች።