ብቻዬን የቆምኩበት ስብሰባ

ከአውሮፓ ተጠርቼ ስመለስ ቀበሌው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሰጠኝ። እናትና አባቴ ሞተዋል። ወንድሜ ደርግ ወጣቱን በሚለቅምበት በዚያ በክፉው ዓመት አንድ ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። አላገባሁም። ኤምባሲ ውስጥ ሁለተኛ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በየጉባኤው እየተገኘሁ በአገሬ የሴቶች እኩልነት መረጋገጡን የሚያበስር መግለጫ ማንበብ ከሥራዬ አንዱ ነበር። ለምን እንደተጠራሁ የነገረኝ የለም። መሥሪያ ቤቴ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍልና ባዶ ጠረጴዛ ሰጠኝ። ጠዋት እገባለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ።

ሰፈሩ ፈራኝ። ከነሻንጣዬ ያመጣኝ የመንግሥት መኪና ስለነበር ሁሉም አይቶ የመሰለውን ገምቷል። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ጎረቤቶቼ «እንዴት አደሩ» ይሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም። ወንድሜንም ያስበላው የጎረቤት ምላስ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሁለት ሦስት እየሆነ እያወራ ወደ ታች ሲወርድ፣ እኔ ብቻዬን ወደ ባሕር ዛፉ እወጣ ነበር። ቤት ከተቀመጥኩ የራሴን ድምፅ እንኳ ሳልሰማ ነው የምውለው።

ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ መንገድ ዳር የተቀመጠች ሴት አገኘሁ። የእኔ እኩያ ትሆናለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተቀዷል፣ ጉልበቷ ደምቷል። ከጫካው እንጨት እየለቀሙ ሾላ ገበያ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ እንደሆነች ገባኝ፤ ሸክም ግን አልነበራትም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ወድቄ ነው፣ እትዬ።»

«እንጨትሽስ?»

የያዝኩትን ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ አፏን ከጠረገች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«የጫካው ዘበኛ ወሰደው። እንጨቱን ብቻ ቢወስድ ለምጄዋለሁ። እንጨቷን ይዛ ማለፍ የምትፈልግ አብራው ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። እኔ እምቢ ስል ገፈተረኝ።»

«ለማን አቤት አልሽ?»

«ለማን ይባላል? መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እንጨቱን ከየት አመጣሽው ብለው ነው።»

ደግፌያት ቀስ እያልን ወረድን። ከጋሞ አገር እንደመጣች፣ ባሏ ሰሜን ዘምቶ ወሬው እንደጠፋ፣ ከሲግናል ሰፈር በታች ከልጇ ጋር የሰው ጓሮ ተጠግታ እንደምትኖር በመንገድ አጫወተችኝ። በሚቀጥለው እሑድ በቀበሌው የሴቶች ማህበር ስብሰባ ነበር። ነገሩን ላንሳው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«እርስዎ ከተናገሩ እኔም እቆማለሁ» አለች። «ብቻ ያልሆነውን እንዳይጨምሩበት።»

በዚያ ሳምንት ከገበያ ስትመለስ ጎራ እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። ከውጭ ያመጣኋቸውን ሳህኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንድ አድርጌ አወጣሁ። ልጅዋ ፊደል መቁጠር እንደጀመረች፣ የአገሯ ሰው እንሰት ሲፍቅ እንዴት እንደሚያንጎራጉር ታወራለች፤ እኔ እስቃለሁ። ከሄደች በኋላ ቤቱ ከቀድሞው የባሰ ዝም ይላል፤ ቢሆንም የሚመጣ ሰው አለ ብዬ አድር ነበር።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቷል። እርሷም መጥታ መሐል አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የማህበሩ ሊቀመንበር ሪፖርቷን አንብባ ስትጨርስ እጄን አወጣሁ። ባዕድ አገር፣ የስንቱ መንግሥት ተወካይ ፊት ስናገር ያልተንቀጠቀጠ ድምፄ እዚያ ተንቀጠቀጠ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ጓድ፣ ተበዳይዋ ማን ናት? እዚህ ካለች ትቁም።»

ወደ እርሷ አላየሁም፤ ጠበቅኩ። በጎን ግን ይታየኛል፤ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አልቆመችም።

«እንግዲህ ተበዳይ የሌለው በደል መሆኑ ነው» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «ወይስ ስሟን እርስዎ ይነግሩናል?»

«ስሟን መናገር የእርሷ ፋንታ ነው» አልኩ። «በደሉ ግን አለ። እዚህ ካሉት ውስጥ የሚያውቁት ብዙ ናቸው።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሴትዮዋ አጥሩ ጥግ ቆማ ጠበቀችኝ። ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«ትናንት ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ዘበኛው ቤቴ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ልጄን በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት። ሌላ ምንም አላለም።»

«ገብቶኛል» አልኳት።

«እንደሚገባዎትማ አውቃለሁ። እንዲያው እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልመጣችም። አንዱን ሳህን መልሼ አስቀመጥኩት።

መሥሪያ ቤት ተጠርቼ አንድ የማላውቀው ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠየቀኝ። «ማነው የላከሽ?» ይለኛል ደጋግሞ፤ ማንም አልላከኝም ብለው አላምን አለ። ወደ ውጭ ትመለሻለሽ ተብሎ ሲወራልኝ የነበረውም ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «እንዴት አደሩ» የሚሉኝም ቀሩ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመች እንጨት ሻጭ ሳትዞር «የጫካው ዘበኛ ከቦታው ተነሣ» አለች። ለምን እንደተነሣ አላወቀችም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

የማህበሩ ምርጫ ሲደርስ ዕጩዎቹ ቀድመው ተመርጠው ያለቁ ነበሩ። ተራ ለማዳረስ ያህል «ሌላ ጠቋሚ አለ?» ሲባል፣ ከኋላ አንዲት አሮጊት እኔን ጠቆሙ። እጆች ከየአግዳሚው ወጡ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አላመነም፣ እንደገና አስቆጠረ። ያቺ ከጋሞ የመጣችው ሴትም እጇን አውጥታለች። ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም።

ፖለቲካ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ባሏ የደበደባት፣ ባሏ ሲሞት ከቀበሌ ቤት ውጪ የተባለች፣ ልጅዋን ለዘመቻ አፍሰው የወሰዱባት፣ ሁሉም ይመጡ ነበር። አንዳንዱ ተሳካልኝ፣ ብዙው አልተሳካልኝም። ጉዳያቸውን ነግረውኝ ሲጨርሱ ብድግ ይላሉ። እንዲያው ለጨዋታ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ከእኔ ጋር መታየት ያን ጊዜም ያስፈራ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ መሥሪያ ቤቴ ከፍ ባለ ማዕረግ ወደ ኤምባሲ ልላክሽ አለኝ። ሰው የጻፈልኝን ማንበብ በቅቶኝ ስለነበር አልሄድም አልኩና ለምክር ቤት ምርጫ ተወዳደርኩ። ያቺ የጋሞ ሴት በዚያ ዓመት ልጅዋን ይዛ አገሯ መግባቷን ከገበያ ሴቶች ሰማሁ። ባሏ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ያሸነፍኩ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች እልል እያሉ በር ድረስ ሸኝተውኝ ተመለሱ። ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማንን ልንገር ብዬ አሰብኩ፤ ወንድሜ ነበር የመጣብኝ። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ የቀረውን ሹሮ አሙቄ በላሁ።