ያልጮህኩባት ኳስ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ልኮራበት ብዬ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የማወራው ሁሉ ከዚያ ስለሚነሳ ነው። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ “ያንተ እኮ እንደምን አደርክም ጠብ ይመስላል” ትለኝ ነበር። ግማሹ ጥፋት የሥራዬ ነው። ስቶክሆልም በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የስልክ አስተርጓሚ ሆንኩ። ስደተኛውና ጠያቂው ሹም ሌላ ከተማ ባለ ቢሮ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ብሬዴንግ ባለው ቤቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አስተረጉማለሁ። የዚያን ጊዜ መስመር ካልጮሁበት አያሰማም። ሥራውን ከተውኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ጩኸቱ ግን አብሮኝ አረጀ።

ያንን ጩኸት የቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቴኒስ የጥንድ ጨዋታ አጋሬ። የተገናኘነው የዛሬ ሰባት ዓመት በብርዱ ወራት፣ ጣሪያ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። አብሮኝ ከሚጫወት ሰው ጋር እየተጨቃጨቅኩ ሳለ፣ አንድ ቀጭን፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሐበሻ ራኬቱን በብብቱ ይዞ ትኩር ብሎ ያየኛል።

“ምን ይገትርሃል? መጫወት ትችላለህ ወይስ ለማየት ነው የመጣኸው?” አልኩት።

ራኬቱን ከብብቱ አወጣና “እችላለሁ” አለኝ።

ሲጫወት ለካ እውነቱን ነው። አዲስ አበባ በወጣትነቱ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ሲሠራ ከፈረንጆች ጋር በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ተምሯል። ኳስ የሚመታው ሳይቸኩል ነው፤ የሚልካትም ሰው የሌለበት ቦታ ነው። ክለቡ ሲመዘግበን ወረቀቱን አየሁት፤ በአንድ ዓመት ብቻ ይበልጠኛል። ስለዚህ አንተ ተባባልን፤ ስለዚህም አልራራሁለትም።

አንድ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ሰርቭ ሲያደርግ፣ ኳሷን ሲያስጀምር ማለቴ ነው፣ እጁን ከትከሻው በላይ አያነሳም። ኳሷን ከታች፣ ከጉልበቱ አጠገብ፣ ገፋ ያደርጋታል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን አፍር ነበር። “እጅህን አንሳ እንጂ! ሰው እያየን ነው!” እለዋለሁ። “ትከሻዬ እምቢ አለኝ” ይላል። ያኔ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ሲጎትት ውሎ ነው ቤቱ ካለበት ከሃግሴትራ የሚመጣው። “የስልሳ አንድ ዓመት ጎረምሳ ደከመኝ ይላል እንዴ?” ብዬ እስቅበት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር።

በጥንድ ጨዋታ ትልቁ ጣጣ ኳሷ የማን ናት የሚለው ነው። መሃል ላይ ስትመጣ ወይ ሁለቱም ይሮጡና ይጋጫሉ፣ ወይ አንዱ ላንዱ ሲተው ትወድቃለች። እኛ ያንን በኔ ጩኸት ፈታነው። “ሂድ!” ብዬ ከጮህኩ ኳሷ የሱ ናት፤ ዝም ካልኩ የኔ ናት። ቀርፋፋ እያልኩ የማማው ሰው፣ ሂድ ብዬው ሳይሄድ የቀረበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም።

ወደ ሳሩ ልምጣ። ከሶለንቱና በአውቶቡስ የሚደረስ አንድ ክለብ የሳር ሜዳ አለው። በዚህ አገር የሳር ሜዳ ብርቅ ነው፤ በረዶው ስድስት ወር ተኝቶበት ሲነሳ መላጣ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ግን አንድ ሙጭጭ ያለ ሽማግሌ እንደ ልጁ ሲንከባከበው ኖሮ፣ በነሐሴ ማብቂያ ላይ ዕድሜያቸው ስልሳ አምስት ያለፈ ሰዎች ይወዳደሩበታል። ሳር ላይ ኳሷ አርፋ አትነሳም፤ ሾልካ ነው የምታልፈው። እሷን ለማግኘት ከወገብ መታጠፍ፣ ከጉልበት ሸብረክ ማለት ነው። ለኛ ዓይነቱ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስግደት ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ክለቡ ሳሩን ነቅሎ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ሊያነጥፍ መሆኑን ሰማን። የመጨረሻው ውድድር ነው ማለት ነው። አጋሬ የዚያኑ ዕለት፣ ፔንዴልቶግ በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ተቀምጠን፣ “እኔም እዚያው አቆማለሁ” አለኝ።

“ምን አባክ ሆነህ ነው በስልሳ ሰባት የምታቆመው? በሰማንያ የሚጫወቱ አሉ አይደል?”

“በቃኝ። አንድ ደህና ጨዋታ፣ እስከ መጨረሻዋ ኳስ የተጫወትኩት ጨዋታ ልጫወትና ልውጣ። ሌላ አልፈልግም።”

ሰነፍ አልኩት። እሱ ስለ ዋንጫም አላነሳ፤ የፈለገው ያችን አንድ ስንብት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እሱ ከተወኝ ከማን ጋር ልጫወት? ጩኸቴን የሚችል ሰው ሁለቴ አይገኝም። ብናሸንፍ ልቡ ይመለስ ይሆናል ብዬ ተመኘሁ፤ ለዚያም ስል በልምምድ ላይ እንደ ወታደር ነዳሁት።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሳምንት ለፍጻሜ ደረስን። ከመረቡ ማዶ ያሉት ሁለት ስዊድናውያን ናቸው፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ሌላው ሁለቱንም ጉልበቶቹን በፋሻ የጠመጠመ ረጅም ሰውዬ። የመጀመሪያውን ዙር እነሱ ወሰዱ፣ ሁለተኛውን እኛ። በሦስተኛው አራት ለአራት እንደሆንን ዝናብ መጣ። ራኬታችንን ሸፍነን ወደ ክለቡ ቤት ሮጥን።

የአጋሬ ልጅ እዚያ ትጠብቀን ነበር። ሶለንቱና የምትኖር፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የምንላትን ሁሉ ሰምታ በስዊድንኛ የምትመልስ ሴት ናት። የልደቱ ቀን ነበርና ቶርታ ገዝታ መጥታለች። ክዳኑን ስትከፍተው ክሬሙ ላይ ሁለት የቁጥር ሻማ ተሰክቷል፤ ሰባትና አምስት።

እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። “አንቺ ልጅ፣ ያባትሽን ዕድሜ እንኳ አታውቂም? ስልሳ ሰባት ነው እኮ!”

አልሳቀችም። ስልሳ ሰባት ወረቀቱ ነው አለችኝ በስዊድንኛ፤ ፓፓ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ነው የምናከብረው። እንዴት ሆኖ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ እንደገባ ቃሉን ሲሰጥ ስልክ ላይ የነበረው ቶልክ፣ አስተርጓሚው ማለቷ ነው፣ የልደት ዘመኑ ላይ ስምንት ዓመት ጨመረበት አለችኝ። አባቷ የተወለደበትን ዓመት የተናገረው ፈረንጆቹ በሚቆጥሩት ነበር፤ ትኬት ቢሮ ሠርቷልና ያውቀዋል። ቶልኩ ግን በሐበሻ አቆጣጠር መስሎት ስምንት ደመረ። ሁለቴ አቤት ብሎ ነበር። በአስተርጓሚ የተናገርከው ራስህ ነህ፣ ማስረጃ ካለህ አምጣ ተባለ። ማስረጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወረቀቱ ጡረታ እስኪፈቅድለት ድረስ፣ እስከ ሰባ ሦስት ዓመቱ፣ አንሶላ ጎተተ። ትከሻውን የጨረሰውም እነዚያ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው አለች፤ ቶርታውን እየቆረሰች።

ክው አልኩ።

ስምንት መደመር የኔ ልማድ ነበር። ያገራችን ሰው የልደት ዘመኑን በኛው አቆጣጠር ይናገራል፣ ሹሙ በራሱ ይጽፋል፤ ሁለቱንም ላለማድከም፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አፌ ላይ እየደመርኩ አቀብላቸው ነበር። በየትኛው ነው የምትናገረው ብሎ መጠየቅ አንድ ቃል ነው። አልጠየቅኩም። እንዲያውም ውለታ የዋልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ስንቱን አደናቅፎት የነበረውን ነገር አቃለልኩ እያልኩ ለሚስቴ አወራላት ነበር።

ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ልሸሽ ሞከርኩ። ግን በዚያ ዘመን ለስደተኞቹ ቢሮ በስልክ አማርኛ የምናስተረጉም ሦስት ነበርን፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። “ቶልኩ ሴት ነበረች ወንድ?” አልኳት። ወንድ አለችኝ፣ በጣም የሚጮህ ወንድ።

ወደ አጋሬ ዞርኩ። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እያየኝ ነበር። ዓይኑ ውስጥ አንዳች መገረም የለም። እሱ ያውቃል። ከጎኑ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ለስዊድናውያኑ ቶርታ ልታቀርብ ሄደች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?” አልኩ። ምላሴ አንተ ማለት አቃተው።

“ከመጀመሪያው ቀን። ድምፅህን ሰምቼ እኮ ነው እዚያ ሜዳ ዳር የቆምኩት። ስንት ዓመት ጆሮዬ ላይ የኖረ ድምፅ ነው።”

“እና ምነው ዝም አሉ? ምነው አልሰደቡኝም?”

“ልሰድብህ ነበር የቆምኩት። አንተ ቀደምከኝ።” ፈገግ አለ። “ከዚያ ደግሞ መጫወት ትችላለህ ወይ አልከኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ምን ትችላለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ያመሃል ወይ፣ ወረቀት አለህ ወይ ነው የሚሉኝ።”

ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቀናኝ። ያለቀሰው ማን እንደሆነ ባልናገር ይሻላል። በአባቴ ታናሽ ወንድም ዕድሜ ያለን ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ሰነፍ እያልኩ ሳሯሩጠው መኖሬ፣ የማይነሳ ትከሻው ላይ መሳቄ፣ ያንን ትከሻም የሰበርኩት እኔው መሆኔ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

“ይቅር ካልኩህ ቆየሁ። እርስዎ እርስዎ የምትለውንም ተው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ እንደ ወትሮህ ሁን። ይህን ጨዋታ እንዳታበላሽብኝ።”

“እሺ፣ አደራዎን እቀበላለሁ” አልኩ።

ዝናቡ አባራ። ሳሩ ግን ርሷል፤ እርጥብ ሳር ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። የመጀመሪያውን ጌም እነሱ ወሰዱ፤ አምስት ለአራት። ኳስ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ወገቡን ሲያጥፍ ነው። እሱ ግን እንዲያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ከታች የሚገፋት ሰርቭ እርጥቡ ሳር ላይ ስታርፍ ጭራሽ አልነሳ እያለች ረጅሙን ሰውዬ ሁለቴ አንበረከከችው። ማዶ ያለው የጥርስ ሐኪም ራኬቱን በመዳፉ እየመታ አጨበጨበለት። አጋሬ ፊቱ በርቷል። ያ የፈለገው ጨዋታ ይህ ነበር፤ እኔም አውቄዋለሁ።

እነሱ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራቸው። አጋሬ ሰርቭ አደረገ። ሐኪሙ ኳሷን ቆርጦ አሳጠራትና መረቡን ዘላ በሱ በኩል፣ ከፊት ወደቀች። የሱ ኳስ ናት። ይደርስባታልም፤ ገና ከሐኪሙ ራኬት ስትወጣ ገምቷት አንድ እርምጃ ጀምሯል። አፌን ከፈትኩ። “ሂድ!” ማለት ብቻ ነው።

አልወጣልኝም። እርጥቡን ሳር አየሁ፣ ሰባ አምስት ዓመት አየሁ፣ ይወድቃል አልኩ። አፌን ዘጋሁና ራሴ ሮጥኩ።

እሱ ዝምታዬን ሰማ። ዝም ካልኩ የኔ ናት። በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀጥ አለ፣ ራኬቱንም ዝቅ አደረገ። እኔ ሦስት እርምጃ ዘግይቼ ደረስኩ። ኳሷ ሁለቴ ነጥራ፣ እግሩ ሥር ሳሩ ውስጥ ተኛች።

“ለምን አልጮህክም?”

ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስዊድናውያኑ እጃቸውን ለሰላምታ ዘርግተው መረቡ ጋ እንደቆሙ ቀሩ።

“ሳሩ እርጥብ ነው፤ እንዳይወድቁ ብዬ…”

“ጠዋትም ሰባ አምስት ዓመቴ ነበር! ጠዋት ስትጮህብኝ ወድቄያለሁ?”

ቀረብ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ስምንቱን ዓመት አላወቅክም፤ ይቅር አልኩህ። ይቺን ግን እያወቅክ ነው የወሰድክብኝ።”

ሄዶ የሰዎቹን እጅ ጨበጠ፣ አመሰገናቸው፣ ልጁ ጃኬቱን ስታለብሰው ትከሻውን ቀስ አድርጎ አስገባ። እኔ ሜዳው መሃል ቀረሁ። በዚያ መኸር ሳሩ ተነቀለ። እሱም እንዳለው ራኬቱን ሰቀለ፤ ተመልሶ እንዲጫወት ልለምነው ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ ስንት ጊዜ ሃግሴትራ ድረስ ሄድኩ፣ በደግ ፊት እየተቀበለ እምቢ አለኝ። ያች የመጨረሻ ኳሱ ነበረች። ሳይመታት ቀረ።