ከጆንያው ጀርባ አውሬ የነበርኩበት ዓመት

በኮምፒውተር ጌም አውሬ ሆኖ መጫወት ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የምለው አትሩጥ ነው። ጀማሪ ሁሉ ይሮጣል። ከሚያድናቸው አራት ሰዎች አንዱን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያያል፣ ልቡ ይዘላል፤ ያንን አንድ ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ሲያሳድድ ሌሎቹ ሦስቱ ቁልፋቸውን ሰብስበው፣ በሩን ከፍተው ውልቅ ይላሉ። እኔም ሮጫለሁ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ሳልይዝ ስሮጥ ከርሜያለሁ።

ጌም ቤቱ ከግቢው በር ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የቡና መጋዘን ስለነበር ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ነጋዴ፣ አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኝተውበታል። አራቱ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። አምስተኛው ጥግ ላይ ለብቻው ነው። ማንም የሌላውን ስክሪን እንዳያይ በመሀል የቡና ጆንያ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል። የጌሙን ትክክለኛ ስም የሚጠራ አልነበረም፤ "አውሬው" ነው የምንለው። አራት ሰዎች አንድ ጨለማ ሆስፒታል ውስጥ ቁልፍ ፈልገው ለማምለጥ ይሞክራሉ፤ አምስተኛው አውሬ ሆኖ እየፈለገ ይይዛቸዋል፤ የተያዘን ሰው ጓደኛው ደርሶ ሊያስፈታው ይችላል።

አዲስ ገቢ ከጆንያው ጀርባ ይቀመጣል፤ የቤቱ ደንብ ይህ ነበር። በፈቃዱ አውሬ የሚሆን ከየት ይገኛል? አግዳሚው ላይ ሳቅ አለ፣ መገፋፋት አለ፣ ከመንገድ ዳር ተቆርጦ የመጣ አናናስ አለ። ከጆንያው ጀርባ አንድ ሰው ብቻውን ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ ይቀመጣል።

የአግዳሚው ባለቤቶች አራት ተመራቂ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሦስት ወንዶችና እሷ። ወንዶቹን የሚመራቸው አንድ ረጅም ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። እሷ ስትስቅ እጇ ኪቦርዱ ላይ ይቀራል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የምታንቀሳቅሳት ሴትዮም ኮሪደር መሀል ትገተራለች። ሲቆጧት ይብስባታል።

እኔ የወናጎ ልጅ ነኝ። ቤታችን የምናወራው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛዬ የትምህርት ቤትና የገበያ ነበር። የእነሱ አማርኛ የአዲስ አበባ ነው፣ ይፈጥናል፣ ግማሹ አይገባኝም። የመጀመሪያው ቀን ጋሼ በር ላይ ሆነው "ያቺን ልጅ ጥራልኝ፣ ቦርሳዋን ረስታለች" ሲሉኝ፣ ገባሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ና! ጋሼ ይጠሩሃል!" አልኳት።

"ወንድሜ፣ ወንድ አደረግካት እኮ!" አለ ረጅሙ። አግዳሚው በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች። ቦርሳዋን ይዛ ስትመለስ ግን ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ አየችኝና ጠጋ ብላ ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ "ና፣ እዚህ ተቀመጥ።"

"ኧረ ፍሬሽ ነው፣ ወደ ጆንያው!" አለ ረጅሙ። ወደ ጆንያው ሄድኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፦ እነሱ ተመርቀው ሳይሄዱ እዚያች መታ ያደረገቻት ቦታ ላይ መቀመጥ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለእኔ የዓመቱ ትምህርት ሁሉ ከዚያች ቦታ በታች ነበር።

ጎበዝ ከሆንኩ አክብረው ይጠሩኛል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ተማርኩ። የያዝከው ሰው አናት ላይ ቆመህ አትጠብቅ፤ አንዱን ስትጠብቅ ሦስቱ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ሆስፒታሉን ከማጥናትህ በፊት ሰዎቹን አጥና። ረጅሙ ሲደነግጥ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚሸሸው። ከቀሩት አንዱ አልጋ ሥር ካልሆነ ሌላ መደበቂያ አያውቅም። እሷ ደግሞ የተያዘ ሰው ጥላ አትሄድም። በሩ ተከፍቶ፣ መውጫው አፍ ላይ ደርሳ፣ አንድ ሰው ከቀረ ትመለሳለች። እሷን ለመያዝ እሷን መፈለግ አያስፈልግም ነበር፤ ሌላውን ይዞ ትንሽ ራቅ ብሎ መቆም ነው። ትመጣለች። በዚህ መንገድ ስንቴ እንደያዝኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ሌላ ምክር ነበረኝ። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ አሁን ግን ለማንም አልሰጠውም። ጀማሪ አውሬ የክፍሉን ወሬ ያዳምጣል። እኔም ከጆንያው ወዲህ ሆኜ ሳቃቸውን እከታተል ነበር፤ ድንገት ዝም ካሉ አጠገቤ የተደበቀ ሰው አለ ማለት ነው። ነቁብኝ። "እኔ ፋርማሲው ጋ ነኝ!" ብሎ ይጮሃል ረጅሙ፤ እሮጣለሁ፤ እሱ ለካ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁልፍ እየሰበሰበ ነው። ከዚያ በኋላ ከጋሼ ትልቁን ሄድፎን ተቀበልኩ። ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። የሚሰማኝ የሆስፒታሉ ወለል፣ የበሩ ሲጢጥታ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የታፈነ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ያን ሄድፎን ካደረግኩ ወዲህ ከእጄ ያመለጠ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ጎበዝ መሆኔ ግን አግዳሚው ላይ አላደረሰኝም፤ ጭራሽ ጥጉ ላይ ቸነከረኝ። ልነሳ ስል ረጅሙ ትከሻዬን ይዞ፣ "አንተ ከተነሳህማ ጨዋታው ምን ጣዕም አለው?" ይለኛል። አንዳንድ ቀን በጆንያው ሥር ሁለት ቁራጭ አናናስ በፌስታል ተጠቅልሎ ይገባል። እጇን አውቀዋለሁ። አንስቼ እበላለሁ፤ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ፣ ሄድፎኑን ሳላወልቅ።

መውጫው በቦታዬ ሌላ አውሬ መተካት እንደሆነ የገባኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። የዶርሜን ልጅ ይዤ መጣሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ይሮጣል። አትሩጥ እለዋለሁ፣ እሺ ይለኛል፣ ረጅሙን ሲያይ እንደ ልጓም የበጠሰ በቅሎ ይፈረጥጣል። ለፈተና ሳላጠና እሱን አስጠናሁ። ግቢው መመረቂያ መመረቂያ መሽተት ሲጀምር፣ ልጁ አንድ ከሰዓት ሦስት ሰው ያዘ። ረጅሙ በሐዘን አየኝና "እሺ፣ ና ተቀመጥ" አለ።

ከወንዶቹ አንዱ ኮምፒውተሩን ለቀቀልኝ፤ እሷ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ተቀመጥኩ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ኖሯል፤ እሷ ስትነቃነቅ እኔም አብሬ እነቃነቃለሁ። ደስታው ደስታ አልመስል ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር አንድ ነገር ተረዳሁ፤ መሸሽ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ያሳደድኩ ሰው መደበቅን ከየት ልማረው? ኮሪደሩ መሀል ቆሜ ሳለሁ የዶርሜ ልጅ ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ፣ እንዳስተማርኩት መጥቶ ያዘኝ። አግዳሚው አውካካ። እሷ መውጫው ጋ ደርሳ ነበር። "ተይው፣ ውጪ!" አላት ረጅሙ። ተመለሰችልኝ፤ ተያዘች።

የተያዘ ሰው እስኪያልቅ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም። ሁለታችን ጎን ለጎን፣ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ። "ከዚያ ጀርባ ሆነህ ለምንድን ነው የማትመልስልኝ?"

"ምኑን?"

"የማወራህን ነዋ! ዓመቱን ሙሉ በጆንያው በኩል ሳወራህ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን እንኳ እህ አትልም።"

"ሄድፎን አድርጌ ነበር" አልኳት።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ጆንያውን አየችው። መሳቅ ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው። "እኔኮ ንቆኝ ነው ብዬ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ምን ነበር ያልሽኝ?" ነይንና ናን ሳላምታታ፣ በደንብ አድርጌ ጠየቅኳት።

ፊቷ ቀላ። "አሁን እንዴት ብዬ ልድገመው?" አለች። ረጅሙ ተይዞ መጮህ ሲጀምር ወደ እሱ ዞረች።

ከዚያ ፈተና ገባ፤ አግዳሚው ላይ አራቱም አንድ ላይ የተቀመጡበትን ቀን ደግሜ አላየሁም። በምረቃው ዕለት ገዋን ለብሳ በዘመድ መሀል ፎቶ ስትነሳ አየኋት። በሰው ራስ ላይ እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለበለብኩ። ቤተሰቧ በኮንትራት ሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። ስልኳን አልያዝኩም። ልጠይቅ ያሰብኩበት ከሰዓት ሁሉ ከሰዎች ጋር ነበረች።

አሁን ዲላ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ጌም ቤቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኗል። ተማሪዎቼ በስልካቸው እንደዚያ ዓይነት ጌም ይጫወታሉ፤ አውሬ መሆን እንደምችል የሰሙ ምክር ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ። የእሷ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ ከአፌ አይወጣም። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጥንባትን ያቺን ከሰዓት እናፍቃታለሁ፤ ከዚያች ከሰዓት ይልቅ ደግሞ ያልሰማኋቸውን ከሰዓቶች ሁሉ እናፍቃለሁ። ያልሰሙት ነገር ይናፍቃል ወይ ካላችሁኝ፣ እንዴታ!

ከስንት ዓመት በኋላ ረጅሙን ወናጎ ላይ አገኘሁት። ለቡና ሥራ መጥቶ ነው፤ ሰውነቱ ሞልቷል፣ አፉ እንደ ድሮው ነው። ተቃቅፈን ምሳ ገባን። ስለ ሁሉም ካወራን በኋላ፣ እንደ ዋዛ አስመስዬ፣ በጆንያው በኩል ምን ታወራኝ እንደነበር ጠየቅኩት።

"ኡ! እሱንማ!" ብሎ ሳቀ። "ማውራት ነው እንዴ! እኛ እኮ 'ከጆንያ ጋር ታወራለች' እያልን ስንት ስቀንባታል።"

"ምን ነበር የምትለው?"

ማንኪያውን አስቀምጦ ከልቡ አሰበ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር፤ አየሁት። "ወንድሜን፣ አንድም ቃል ትዝ አይለኝም" አለኝ።

ያ ሁሉ ወሬ የእኔ ነበር። የሰሙት እነሱ ናቸው፤ እነሱም ረስተውታል።