ብርዝ ነው እያልኩ

መጀመሪያ የታመመው እጄ ነው። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ፤ ሙያውን ያስተማረኝ የለም፣ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። አንድ ጠዋት የመበየጃው ጫፍ መሰኪያውን ስቶ ቦርዱን አቃጠለው። አንድ መለኪያ አረቄ ስጠጣ እጄ ረጋ። መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

አረቄ ቤት ግን አልገባም። እዚያ ተቀምጠው የሚያለቅሱትን እንቃቸው ነበር። እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ በንጹሕ ብርጭቆ፣ በልክ እጠጣለሁ። ልኩ በየወሩ ማደጉን ለራሴም አልነገርኩትም።

ከዚያ በጸሎት ብቻ ልተወው ወሰንኩ። “ጌታ ሆይ፣ ሌላ ሰው አድርገኝ” ብዬ በአንዴ አቆምኩ። አላበኝ። አስመለሰኝ። ግድግዳው ላይ ጉንዳን አየሁ። ጉንዳን አልነበረም። በማግስቱ ወደቅኩ። ተንፈራገጥኩ። ምላሴን ነከስኩ።

ሆስፒታል ስነቃ ሐኪሙ ሕመሙ “አልኮሆል ዊዝድሮዋል” እንደሚባል፣ መጠጥ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል እንደሚመጣ ነገረኝ። ዳያዜፓም የተባለ ማረጋጊያና ታያሚን የተባለ ቫይታሚን ታዘዘልኝ።

“መተውህ ጥሩ ነው፤ ያለ ሐኪም በአንዴ መተውህ ግን ሊገድልህ ነበር” አለኝ።

ለማገገም ሺሺንዳ፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። እዚያ በሽተኛ ሲጠየቅ ማር ይመጣል። ጎረቤቷ ጋሽ ወልዴም ማር ይዘው መጡ።

“ብርዝ አድርገሽ ስጪው። ማርና ውሃ ምን ያደርገዋል?”

“ሐኪሙ የሚያሰክር ነገር ከልክሎታል፣ ጋሼ።”

“ሐኪምሽ ማር የት ያውቃል?”

በዕለቱ የተበጠበጠ ብርዝ በእርግጥ አያሰክርምና እህቴ በማሰሮ በጠበጠችልኝ። እኔ ግን ማሰሮውን ሳላጥብ፣ በትናንቱ ቅሪት ላይ አዲስ ማርና ውሃ እየጨመርኩ ምድጃው አጠገብ አኖረው ነበር። እንዲህ ሲሆን አረፋ ያወጣል፣ ምላስ ይወጋል፣ ወደ ጠጅነት ይለወጣል። ይህን የማያውቅ የካፋ ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ብርዝ ነው እያልኩ ጠጣሁት።

አንድ ቀን እህቴ ከማሰሮው ቀመሰች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ብርዝ።”

“እንግዲያው ለልጄ ልስጣት?”

ማሰሮውን ስታነሳ “አትስጫት” አልኳት።

አረቄ ቤት የሚያለቅሱት ከእኔ ይሻላሉ፤ የሚጠጡትን በስሙ ይጠሩታል። ያን ቀን ጸሎቴ ተለወጠ። ሌላ ሰው አድርገኝ ማለቱን ተውኩ፤ ሌላ ሰው የለኝም። “ሰካራሙ እኔ ነኝ፤ እንዲሁ እንዳለሁ ያዘኝ” አልኩ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ነገር ግን በሳምንቱ ቦንጋ ወርጄ ለሐኪሙ ስለ ማሰሮው ሳልቀንስ ነገርኩት፣ እሱም ሳይገረም ክትትሉን እንደገና ጀመረልኝ፣ እኔም ቀስ በቀስ ወደ ሱቄ ተመልሼ ትንንሾቹን መሰኪያዎች ሳልስት መበየድ ቻልኩ።

ሐኪሙን፣ ሳትጮህ ማሰሮውን የደፋችውን እህቴንና እንዳለሁ የተቀበለኝን አምላክ አመሰግናለሁ። በዚሁ ሕመም ላይ ላላችሁ፦ ብቻችሁን በአንዴ አታቁሙ። “ትንሽ ምን ያደርጋል” የሚላችሁን አትስሙ፤ የሚወድቀው እሱ አይደለም። ራሳችሁን ብትንቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ራሴን መናቅ ገና አልተውኩም። ብቻ ያንን የምትንቁትን ሰው ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የሚታከመው እሱ ነው።