በቀኝ እጁ

ሎጊያ ውስጥ የምታወቀው «የማሳጇ ሐኪም» በሚል ስም ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ ማሳጅም አልሠራም። ሥራዬ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናት ያሉበት ቤት እየሄድኩ መብላትን፣ መልበስን፣ መጫወትን፣ ሌላው ልጅ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ከእነሱና ከእናቶቻቸው ጋር መለማመድ ነበር። ይህን ለአንድ የከባድ መኪና ሾፌር በትዕግሥት ካስረዳሁት በኋላ «ታዲያ የእኔን ወገብ ብታይልኝ ምን አለበት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማስረዳቱን ተውኩት።

የምኖረው ሰመራ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ሙቀቱ ይለመዳል የሚሉኝ ሰዎች ይዋሻሉ፤ እኔ ደጋ ተወልጄ ያደግኩት አልለመድኩትም። ጠዋት በሚኒባስ ሎጊያ እወርድና ወደ ጅቡቲ የሚሄዱት መኪኖች በተደረደሩበት መንገድ ዳር ዳሩን ይዤ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ወዳለችው ምግብ ቤት እሄዳለሁ። ከፊት ለፊት ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ አልጋ፤ ምግብ ቤትም መኖሪያም እሷው ናት። ባለቤቷ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ሴት ነበረች። ባሏ የከባድ መኪና ረዳት ስለሆነ ውሎና አዳሩ መንገድ ላይ ነው። አንድ ልጅ አላቸው። መጀመሪያ ሳየው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ግን ደግፈው ካልያዙት አይቀመጥም፤ ቀኝ እጁ አውራ ጣቱን ውስጥ አስገብቶ እንደተጨበጠ ነው። እናቱ ጭኗ ላይ በጀርባው አጋድማ ታጎርሰው ነበር።

«ምን ያስቸግረዋል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አያስቸግረውም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለችኝ።

ተናደድኩ። ታዲያ እኔ በዚህ ፀሐይ ምን ልሠራ መጣሁ? በእኛም አገር ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ሳይባል ወሬ አይጀመርም። እናቴ ሲጠይቋት ደጋግማ አመስግና ስታበቃ ግን ስለ ጉልበቷ ሕመም ማውራት ትጀምራለች። ይህች ሴት ጉልበቱ ጋ አትደርስም። አላህ የሰጠኝን በሰው ፊት ጎደሎ ነው አልልም ብላ ቆርጣለች። ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል፤ ከተረዳሁት በኋላም መናደዴ አልቀረም።

ሥራችንን ጀመርን። አንድ ብየዳ ሠራተኛ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት ቆርጦ ጫፉን አለሰለሰልን። ከዱብቲ ባመጣሁት ጥጥ ትራስ ሰፍተን ዙሪያውን ደገፍንበት፤ ልጁ ውስጡ ሲቀመጥ ሁለት እጁ ነፃ ሆነ። ማንኪያውን ጎሚስታው ነው ያዘጋጀው፤ እጀታውን በአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠምጥሞ ጠምጥሞ ለተጨበጠ እጅ የሚመች ወፍራም አደረገው። ምግቡ ገንፎ ይሁን አልኩ፤ ገንፎ ከማንኪያ ላይ አይፈስም። «ልጄ አራስ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ግን አገነፋችለት።

የተጣላነው በእጁ ነው። የልጁ ግራ እጅ ከቀኙ በጣም ይሻል ነበር። የተማርኩት በሚሻለው እጅ እንድጀምር ነው፤ ስለዚህ ማንኪያውን በግራው አስያዝኩት። እናቱ ከምድጃው ተነስታ መጥታ ነጠቀችው።

«በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው።»

«ይህ ልጅ ነው። መጀመሪያ ይልመድ፣ ከዚያ እናዞረዋለን።»

«በግራው ከሚበላ እስክሞት ድረስ እኔ ላጉርሰው። ሰው ምን ይለዋል? አብሮት ማን ይቀርባል?»

እኔም ብሆን በግራው ከሚበላ ሰው ጋር ትሪ አልቀርብም። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ያዝን። የተጨበጠውን እጅ ለብ ባለ ውኃ እያሸን ጣቶቹን አንድ በአንድ መክፈት፣ ከዚያ የለስላሳ ቆርኪ አስይዞ ቆርቆሮ ውስጥ ማስጣል። ቆርኪው ቆርቆሮው ውስጥ ኳ ሲል ልጁ በሳቅ ይፈርሳል። ያን ሳቅ ለመስማት ስል ከተመደበልኝ ሰዓት በላይ የቆየሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከእናቱ ይልቅ ያስቸገሩኝ ሾፌሮቹ ናቸው። እያንዳንዱ ጥብሱ ሲቀርብለት መጀመሪያ ልጁን ያጎርሳል። አፉ ምግብ የሞላ ልጅ ማንኪያ ለማንሳት ምን አስጨነቀው? ጉርሻ ከለከልኩ። «ሕፃን ልጅ አታጉርሱ የምትል ክፉ ሴት» ተባልኩ፤ አንዱማ ልጅ ስለሌላት ነው ብሎ ጨመረበት። ጉርሻውን ግን አስቆምኩ።

ልጁ በርሜሉ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ቻለ። ማንኪያውን ጨብጦ ገንፎውን መዛቅም ቻለ። ግን ደረቱ ጋ ሲደርስ የእጁ አንጓ ይዞርና ገንፎው ጭኑ ላይ ይወድቃል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ጥቂት ወራት ብቻ፣ ሳይቋረጥ፣ እንደሚያስፈልገን አውቅ ነበር።

ያኔ ነው የቀጠረኝ ድርጅት ገንዘብ ያጠረው። ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሆነ፤ ደንቡም ቀላል ነው። የተያዘለትን ግብ ያሳካ ልጅ ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ ያላሳካው ይቀጥላል። የዚህ ልጅ ግብ በማንኪያ ራሱ መብላት ነው። ከመምጣታቸው በፊት ባለው ቀን ሄጄ እናቱን ቁጭ አድርጌ መከርኳት።

«ነገ ሲጠይቁሽ የማይችለውን ንገሪያቸው።»

«ልጄን በእንግዳ ፊት አይችልም ልበል?»

«ስለማይችል ነዋ!»

«ዛሬ አልቻለም። የነገውን አላህ ነው የሚያውቀው፣ አንቺ አይደለሽም።»

«ይችላል ካልሻቸው እኔን ከመምጣት ያስቆሙኛል። እጁ እንደገና ይጨበጣል። ይገባሻል?»

እጄን ይዛ ሳቀች። «እታለም፣ አንቺን ማን ያስቆምሻል? ቤትሽ አይደለም እንዴ?»

በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ የምመጣው ተልኬ መሆኑን አላሰበችውም ነበር። ወድጃቸው የምመጣ ነው የሚመስላት። ውሸትም አይደለም፤ ግን ወድጄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንቡ ባላስጨነቀኝ።

በማግስቱ ገምጋሚዎቹ በነጭ መኪና መጡ፤ አንድ ጎልማሳ ሰውና አንዲት ዝምተኛ ወጣት። ሰውዬው ግምገማው እንዳይዛባ ውጭ እንድጠብቅ በትሕትና ነገረኝ። ጎሚስታው ጋ ሄጄ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። በሙቀቱ ምክንያት የበሩ መጋረጃ ተሰብስቦ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ፣ እሰማለሁ። ልጁን የዒድ ልብሱን አልብሳዋለች። ፀጉሩን ቅባት ቀብታዋለች።

«እንቅልፉስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ይቀመጣል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይቀመጣል።»

«በራሱ ይበላል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይበላል።»

ዘልዬ ተነሳሁ። ሰውዬው ግን ሞኝ አልነበረም፤ «እስቲ እንየው» አለ። ተመስገን አልኩ። አሁን ገንፎው ይደፋል፣ እውነቱም ይታያል። በሩ ላይ ቆሜ ልጁ እንዲደፋው ጸለይኩ። ለወራት እንዲችል ስጸልይ የኖርኩት ሴት፣ ያን ቀን እንዳይችል ጸለይኩ።

እናቱ በርሜሉ ውስጥ አስቀመጠችውና ሳህኑን አቀረበችለት። «ቢስሚላህ በል የኔ ጌታ» አለችው። ልጁ ማንኪያውን በቀኙ ጨበጠ። ዛቀ። ደረቱ ጋ ደረሰ፤ አንጓው ሊዞር ጀመረ፤ ቆመ። ከዚያ አገጩን ወደፊት አውጥቶ፣ መላ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከተተው። ጉንጩ በገንፎ ተለቀለቀ፤ ግን በላ። በራሱ በላ። ዞር ብሎ በሩ ላይ እኔን ፈለገና ሳቀ።

እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሾፌሮች ተነስተው አጨበጨቡ። አንዱ ሮጦ ወጥቶ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። እኔ አለቀስኩ። ሰው በአንድ ዓይኑ በደስታ በሌላው በሐዘን ማልቀስ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ገምጋሚውም አጨበጨበና ወደ እኔ ዞረ። «ግሩም ሥራ ሠርተሻል» አለኝ።

«የመጀመሪያው ነው! ዛሬ ገና ነው ያደረገው!»

«ትሕትናሽን ወድጄዋለሁ።»

«ትሕትና አይደለም፤ እስቲ ይድገመው!» አልኩና ገባሁ። ማንኪያውን እጁ ላይ አደረግኩለት። ዛቀ፣ ደረቱ ጋ ደረሰ፣ አንጓው ዞረ፣ ገንፎው የዒድ ልብሱ ላይ ተደፋ።

«ደክሞታል፤ ሰው በዛበት» አለ ገምጋሚው በአዘኔታ።

እናቱ እኔን ነበር የምታየው። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «ምነው? ልጄን ምን አስቀይሞሽ ነው?» አለችኝ። «ማሻአላህ ማለት አቅቶሽ ዓይንሽን ጣልሽበት?»

ገምጋሚዎቹ ከሄዱ በኋላ ባሏ ስልክ ደወለ። አዋሽ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ ቆመው ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየጮኸች ነገረችው፦ በላ፣ በቀኙ በላ፣ በእንግዶቹ ፊት አላህ አላሳፈረኝም። የባሏን ድምፅ ከቆምኩበት እሰማ ነበር። እሱም እያለቀሰ ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ልጁ ከፕሮግራሙ ወጣ። ቢሮ ገብቼ ለአለቃዬ ጮህኩ። እሱም ወረፋ የሚጠብቁትን ልጆች አሳየኝና «ያንቺው የሚበላ ልጅ ነው» አለኝ። በእሱ ምትክ የተሰጠኝ የዱብቲ ልጅ አንገቱን እንኳ አያቀናም። እሱን ትቼ ወደዚያኛው ልመለስ እንዴት ልበል? ሰውን ልጥላ ፈልጌ የምጠላው ሰው አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ከጥላቻ ይብሳል። መጀመሪያ አካባቢ እሑድ እሑድ በራሴ ጊዜ ሎጊያ እወርድ ነበር። ከዚያ ራቅ ወዳለችው ወደ ጭፍራ ወረዳ መደቡኝ፤ እዚያም ብዙ ቆየሁ።

ተመልሼ የሄድኩት በሚቀጥለው ዓመት ነው። እናቱ አቅፋ ሳመችኝ፤ «ዓይንሽን ጣልሽበት» ያለችኝን ነገር ረስታልኛለች። ልጁ ረዝሟል። በርሜሉ ጠቦታል፤ ሌላ የቆረጠለት የለም። እንደ መጀመሪያው ቀን ጭኗ ላይ በጀርባው አጋድማ ጥብስ ታጎርሰው ነበር። ቀኝ እጁን ያዝኩት፤ አውራ ጣቱ ውስጥ ገብቶ ተጨብጧል። ልከፍተው ስሞክር አመመውና አለቀሰ። ከዚያ ፊቴን አተኩሮ አየኝ። የሚያውቀኝ አይመስለኝም።

«ገንፎውስ?» አልኳት።

«እታለም፣ ብቻዬን ነኝ። እሱ አንድ ማንኪያ እስኪያነሳ ምግብ የሚጠብቀው ሾፌር ጥሎኝ ይሄዳል።» ልክ ናት። እኔ የምመጣው እሷ ሥራዋን ስትሠራ ማንኪያውን እስኪያነሳ አጠገቡ ልጠብቀው ነበር።

«እሱስ እንዴት ነው?» አልኳት፣ መልሱን እያወቅኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

አጠገባችን የተቀመጠ አንድ አዲስ ሾፌር ልጁን በሐዘን አየት አደረገና «ምስኪን፣ እጁ አይሠራም?» አላት። እሷ ቀና አለች።

«የማን እጅ? ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ፊት በቀኙ በልቷል። አገር ነው ያጨበጨበለት! ጠይቃት፣ እሷ ምስክሬ ናት።»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። እሷም ትጠብቀኛለች፤ ፊቷ ያን ቀን እልል ስትል እንደነበረው በርቷል። ለሷ ያ ቀን አላለፈም። ለልጁ ከዚያ ቀን የተረፈው ነገር ቢኖር ይህ የእሷ ኩራት ብቻ ነው።

«አዎ፣ በልቷል» አልኩ። «በቀኙ።»

ሻይ አመጣችልኝና የስኳሩን ጣሳ ወደ እኔ ገፋችው። ውስጡ የቆመችው እጀታዋ በጎማ ላስቲክ የተጠመጠመችው ማንኪያ ናት። ለሾፌሮች እጅ ትመቻለች አለችኝ። ስኳሩን ጨመርኩና ማማሰል ጀመርኩ።